በፈቃድ የተነገረ እውነት

ስለ ሶልዥኒትሲን መጽሐፍ ስለ «የኢቫን ዴኒሶቪች የሕይወት አንዲት ቀን»

የአንድ መንግሥት ጠባይ ተለወጠ ሲባል ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የዐዋጁን ቃልና የሹማምንቱን ስም ነው። ነገር ግን ዐዋጅ የሚናገረው ገዢው ስለ ራሱ እንዲታሰብለት የሚወደውን ነው እንጂ በሕዝቡ ኑሮ ላይ የሆነውን አይደለም። ስለዚህ የመንግሥትን መለወጥ በእውነት ሊመረምር የሚወድ ሰው ሌላ ሚዛን ያስፈልገዋል። እኛም በዛሬው ገጻችን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ወስደን በእርስዋ ልንመዝን አሰብን። መጽሐፊቱ አሌክሳንድር ሶልዥኒትሲን የጻፋት «የኢቫን ዴኒሶቪች የሕይወት አንዲት ቀን» የምትባለው ናት። የምትመዝነውም መንግሥት ከ1917 ዓ.ም. አብዮት ተወልዶ በ1991 ዓ.ም. የፈረሰው የሶቪየት መንግሥት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ደራሲው በ1918 ዓ.ም. በደቡብ ሩስያ በኪስሎቮድስክ ከተማ ተወለደ። የሒሳብ ትምህርት ተምሮ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ሲዋጋ ሳለ፥ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ስታሊንን ነቅፏል ተብሎ በፌብሩዋሪ 1945 ዓ.ም. ከጦር ሜዳ ተያዘና ስምንት ዓመት ተፈረደበት። እስራቱን ሲፈጽም ወደ ካዛክስታን ተጋዘ፤ በዚያም በነቀርሳ በሽታ እስከ ሞት ደርሶ ዳነ። ግዞቱ ከተነሣለት በኋላ በሪያዛን ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሲኖር፥ በ1959 ዓ.ም. ይህችን መጽሐፍ ከሰው ተሰውሮ ጻፈ። እንግዲህ የጻፈው በሰው አፍ የሰማውን ሳይሆን በገዛ እጁ የሠራውንና በገዛ ሆዱ የተራበውን ነው።

የሚጽፍበት ነገር ምን እንደ ነበረ ለማስታወስ ያህል ጥቂት እንበል። ስታሊን በ1929 ዓ.ም. ገበሬውን ሁሉ በግድ ወደ ማኅበር እርሻ ሲያስገባ፥ ጥቂት ጥሪት ያለው ገበሬ «ኩላክ» ተብሎ ከነቤተ ሰቡ ወደ ሰሜንና ወደ ሳይቤሪያ ተነዳ። በ1932ና በ1933 ዓ.ም. በኡክራይን፥ በካዛክስታንና በቮልጋ አገር ብዙ ሚሊዮን ሰው በረኃብ አለቀ። በ1937ና በ1938 ዓ.ም. ብቻ ከ680 ሺህ የሚበልጥ ሰው በጥይት ተገደለ፤ ከነዚህም መካከል ብዙ ጳጳሳትና ካህናት ነበሩ። የቀረውንም የግዞት ሰፈር ተቀበለው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጋዜጣው የሚጽፈው ስለ መከሩ መብዛትና ስለ ፋብሪካው መስፋት ነበር።

አሁን ወደ መጽሐፊቱ እንግባ። ነገሩ የሚሆነው በጃንዋሪ 1951 ዓ.ም. ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ብረት በመዶሻ ይመታል፤ እስረኛው ኢቫን ዴኒሶቪች ሹኾቭም ይነቃል። ሹኾቭ ገበሬ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በጀርመኖች እጅ ተማርኮ አምልጦ ወደ ወገኑ ቢመለስ፥ ሰላይ ሆነህ መጣህ ተባለ። ባይፈርም እንደሚገደል፥ ቢፈርም ግን ጥቂት ዕድሜ እንደሚያገኝ ዐውቆ ፈረመ፤ ዐሥር ዓመትም ተፈረደበት። በዚያች ዕለት ሰውነቱን አሞት ወደ ሐኪም ቤት ቢሄድ፥ በቀን ከሥራ የሚያርፉት ሕመምተኞች ቍጥር ስለ ሞላ ይመለሳል። ከጭፍራው ጋር በብርዱ ውስጥ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የሚሆን ቤት ግድግዳ ይገነባል። በምሳ ሰዓት በብልሃት ትርፍ ገንፎ ያገኛል። ከመንገድ ያነሣትን አንዲት የብረት መጋዝ ስባሪ በጓንቲው ውስጥ ሸሽጎ ከፍተሻ ያሳልፋል። ማታም ወደ መኝታው ሲወጣ ቀኑን ቆጥሮ ደስ ይለዋል፤ በጨለማ ቤት አልታሰረም፥ አልታመመም፥ ከወትሮው ጥቂት አብልጦ በላ። ከዚያ በኋላ ደራሲው እንዲህ ያሉት ቀኖች 3653 እንደ ነበሩ፥ ሦስቱም ትርፍ ቀኖች ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆንበት ዓመት ያለ ትርፍ ቀን ካላቸው ዓመቶች የመጡ እንደ ሆኑ ነግሮን መጽሐፉን ይዘጋል።

የመጽሐፉ ኃይል በዚህ ላይ ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ከእስረኛው ዘመን ክፉውን ቀን መርጦ፥ ግርፋቱንና ሞቱን አብዝቶ፥ አንባቢውን በእንባ ለማሸነፍ በደከመ ነበር። ሶልዥኒትሲን ግን መልካሙን ቀን መረጠ። አንባቢውም መልካሙ ቀን እንዲህ ከሆነ ክፉው ምን ይሆን እያለ በገዛ ልቡ ይጠይቃል። ደራሲው አይፈርድም፤ አይራገምም፤ ቁራሹ ዳቦ ስንት ግራም እንደ ሆነ፥ ሾርባው ምን ያህል እንደ ቀጠነ፥ የእግር መጠቅለያው ጨርቅ የት እንደ ተሰጣ ብቻ ይነግረናል። ግፍ ብዙ ጊዜ በታላቅ ቃል ሲነገር ይሸሸጋል፤ በግራም ሲመዘን ግን መሸሸጊያ ያጣል።

ሁለት ሥፍራዎችን ለይተን እናመስግን። የመጀመሪያው የግንቡ ሥራ ነው። ሹኾቭ ሲገነባ እስረኛ መሆኑን ይረሳል። የማቆሚያው ሰዓት ደርሶ ሰው ሁሉ ሲሮጥ፥ እርሱ የተቦካው ሲሚንቶ እንዳይባክን ብሎ የቀረውን ድርድር ይጨርሳል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በዓይኑ ይለካል። አንዳንድ ሰዎች ይህ ለጨቋኙ መገዛት ነው ብለው ነቅፈዋል። ለእኛ ግን ሌላ ይመስለናል። መንግሥቱ ስሙን ወስዶ ቍጥር ሰጥቶታል፤ የእጁን ጥበብና የሥራውን ክብር ግን ሊወስድበት አልቻለም።

ሁለተኛው በእራት ሰዓት የሚታየው ሽማግሌ ነው። ይህ ሰው ዘመኑን ሁሉ በእስር ያሳለፈ፥ ጥርሱ ያለቀ፥ ስሙ የማይነገር፥ በቍጥሩ ብቻ የሚጠራ ነው። ሰው ሁሉ በሾርባው ላይ ጐብጦ ሲበላ፥ እርሱ ጀርባውን አቅንቶ የእንጨት ማንኪያውን ወደ አፉ ያነሣል። ዳቦውንም በቆሸሸው ገበታ ላይ አያኖርም፤ የታጠበ ጨርቅ አንጥፎ በዚያ ላይ ያኖረዋል እንጂ። ደራሲው ስለዚህ ሰው ሃይማኖት አንዲት ቃል አልተናገረም። ነገር ግን በየቀኑ ኅብስትን በንጹሕ ማኅፈድ ላይ የሚያኖር ካህን ይህችን ገጽ ሲያነብ ዝም ብሎ የሚያልፋት አይመስለንም።

ስለ እምነት ነገር ግን መጽሐፉ በግልጥ የሚናገርበት ቦታም አለ። በሹኾቭ አጠገብ የሚተኛው አልዮሻ የተባለ የባፕቲስት ማኅበር ሰው ነው። ከአዲስ ኪዳን የገለበጠውን ደብተር በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ እየሸሸገ ያነባል። ስለ ሃይማኖቱ 25 ዓመት ተፈርዶበት ሳለ፥ እስር ቤት ስለ ነፍስ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል እያለ ይደሰታል። ሹኾቭ በእግዚአብሔር መኖር ያምናል፤ ገነትና ሲኦል የሚባለውን ግን አይቀበልም። ምክንያቱንም ሲናገር በመንደሩ የነበረውን ቄስ ያነሣል፤ ያ ቄስ ከአገሩ ሰው ሁሉ የበለጠ ባለ ጠጋና በሥጋዊ ኑሮው የተነቀፈ ነበረ። በዚህ ገጽ ላይ ይህን ነገር ብንሸሽገው ለመጽሐፉ ታማኞች አንሆንም። ገበሬውን ከቤተ ክርስቲያን ያራቀው የከሓድያን ስብከት ብቻ አልነበረም፤ የእረኛውም ጠባይ ድርሻ ነበረው። ሆኖም ሹኾቭ በመጨረሻ አንዲት ብስኩት ለአልዮሻ ይሰጠዋል። በክርክሩ አልተረታም፤ እጁ ግን ተዘረጋ።

ጉድለት የለባትም አንልም። ነገሩ ሁሉ በሹኾቭ ዓይን ስለሚታይ፥ የተማሩት እስረኞች ከሩቅና በጥቂቱ በንቀት ይታያሉ። ደግሞም የግዞት ሰፈር ማን እንደ ሠራው፥ ከየትኛው ትምህርት እንደ ተወለደ አትነግረንም። ይህን ሁለተኛውን ጉድለት ደራሲው ኋላ «የጉላግ ደሴቶች» በተባለው ታላቅ ሥራው ሞልቶታል። ነገር ግን ይህች ትንሽ መጽሐፍ እንድትታተም ያስቻላት ይኸው ዝምታዋ ሳይሆን አይቀርም። አሁንም ስለ መታተሟ እንናገር፤ የመንግሥቱ ጠባይ የሚገለጠው በዚህ ነውና።

ጽሑፉ በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ «ኖቪ ሚር» ወደሚባለው መጽሔት ደረሰ፤ ትርጓሜውም አዲስ ዓለም ማለት ነው። የመጽሔቱ አለቃ አሌክሳንድር ትቫርዶቭስኪ ራሱ ስመ ጥር ባለ ቅኔ ሲሆን፥ አባቱና ቤተ ሰቡ በኩላክነት ተግዘው ነበር። በሳንሱር በኩል እንደማያልፍ ስላወቀ ጽሑፉን በረዳቱ በኩል ወደ መንግሥቱ መሪ ወደ ኒኪታ ክሩሽቾቭ አደረሰው። ክሩሽቾቭም አስነብቦ ሰማና ወደደው፤ ይልቁንም ሹኾቭ ሲሚንቶው እንዳይባክን የሚጠነቀቅበት ቦታ ደስ አሰኘው ይባላል። በእርሱ ፈቃድ በኖቬምበር 1962 ዓ.ም. ታተመ። አንባቢዎቹ ተሻሙበት፤ ከግዞት የተመለሱ ብዙ ሰዎችም እያለቀሱ ለደራሲው ደብዳቤ ጻፉ። አንዲት ነገር ግን ልብ እንበል። በመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ስታሊን የተነገረ አልነበረም፤ ከማተሙ በፊት ከክሩሽቾቭ ረዳት በኩል አንድ ቦታ እንኳ እንዲነሣ ተጠየቀና፥ ደራሲው አንድ እስረኛ ስለ ባለ ሪዙ ሽማግሌ የሚናገረውን አጭር ቃል አገባ። ፈቃድ ሰጪው የፈለገው ይህን ነበር፤ ጥፋቱ ሁሉ በሙቱ ላይ እንዲቀር።

ክሩሽቾቭ ከዚያ በፊት በፌብሩዋሪ 1956 ዓ.ም. በፓርቲው 20ኛ ጉባኤ በር ተዘግቶ ስለ ስታሊን ግፍ ረጅም ንግግር አድርጎ ነበር። የዚያ ንግግር ሙሉ ቃል በአገሩ ሕዝብ እጅ ታትሞ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በንግግሩ ብዙ እውነት ተነግሯል፤ ከሰፈሮቹም ብዙ ሺህ ሰው ተፈትቷል፤ ይህን በጎ ሥራ መካድ አይገባም። ነገር ግን ክሩሽቾቭ ራሱ በግድያው ዘመን በሞስኮና በኡክራይን የፓርቲው ታላቅ ሹም ነበረ፤ ስለ ገዛ እጁ ሥራ ግን አልተናገረም። በንስሐ አባቱ ፊት ተንበርክኮ የጎረቤቱን ኃጢአት የሚዘረዝር ሰው ተናዘዘ እንደማይባል ካህናት አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት የገባው ስለ ሞተው ስለ ሳኦል ሊናገር አልነበረም፤ በዙፋኑ ላይ ስላለው ስለ ራሱ ስለ ንጉሡ ነበር እንጂ።

ስለዚህም በዚያው ሰው እጅ፥ በዚያው ዘመን፥ ተቃራኒ ሥራዎች ይሠሩ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ባለ ቅኔው ቦሪስ ፓስተርናክ የኖቤልን ሽልማት እንዲተው ተገደደ። በፌብሩዋሪ 1961 ዓ.ም. የጸጥታ ሹማምንት ወደ ደራሲው ወደ ቫሲሊ ግሮስማን ቤት ገብተው «ሕይወትና ዕጣ» የተባለውን መጽሐፉን፥ የጽሕፈት መኪናውን ጥብጣብ ሳይቀር፥ ወሰዱ። በጁን 1962 ዓ.ም. በኖቮቸርካስክ ከተማ ስለ ሥጋና ስለ ቅቤ ዋጋ መወደድ የጮኹ ሠራተኞች ተተኮሰባቸው፤ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ኋላም ሰባት ሰዎች በፍርድ ተገደሉ፤ ነገሩም ከሕዝብ ተሰወረ። የሹኾቭ ታሪክ ሲታተም ከዚህ በኋላ አምስት ወር ብቻ አልፎ ነበር።

በቤተ ክርስቲያንም የሆነው ይኸው ነው። በ1931 ዓ.ም. በሞስኮ የነበረውን ታላቁን የመድኃኔ ዓለም ካቴድራል በፈንጂ ያፈረሰው ስታሊን፥ ጦርነቱ በጸናበት ጊዜ በሴፕቴምበር 1943 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ጠርቶ ፓትርያርክ እንዲመርጡ ፈቀደላቸው፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተከፈቱ። ክሩሽቾቭ ደግሞ ከ1958 እስከ 1964 ዓ.ም. ከተከፈቱት ግማሽ የሚያህሉትን ዘጋ። የፈረሰው ካቴድራል በነበረበት ቦታም በ1960 ዓ.ም. የመዋኛ ገንዳ ተከፈተ። አንዱ የፈቀደውን ሌላው ከለከለ፤ ሁለቱም ግን የሠሩት በአንድ ሥልጣን ነው። ንጉሡ ኢዮአቄም የኤርምያስን ክርታስ በቢላዋ እየቀደደ በእሳት ሲጥል አንድ ክፉ ሥራ ሠራ፤ ነገር ግን ክርታሱን ደስ ብሎት ቢያስቀምጠውስ ኖሮ፥ ቃሉ የሚኖረው በንጉሡ ደስታ ልክ ብቻ አልነበረምን? የዚህች መጽሐፍም ዕጣ እንዲሁ ሆነ።

ክሩሽቾቭ በኦክቶበር 1964 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት የደራሲው ጽሑፎች ተያዙ። በ1969 ዓ.ም. ከደራስያን ማኅበር ተባረረ፤ በ1970 ዓ.ም. ትቫርዶቭስኪ መጽሔቱን እንዲለቅ ሆነ፤ ሶልዥኒትሲንም በዚያው ዓመት የኖቤልን ሽልማት አገኘ። «የጉላግ ደሴቶች» በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ በፓሪስ ሲታተም፥ በፌብሩዋሪ 1974 ዓ.ም. ደራሲው ተይዞ ከአገሩ ተሰደደ። በመንግሥት ማተሚያ ቤት የታተመችው የሹኾቭ ታሪክም ከየቤተ መጻሕፍቱ እንድትወጣ ታዘዘ። መንግሥቱ በ1962 ዓ.ም. በገዛ እጁ የሰጠውን በገዛ እጁ ነጠቀ። ሕዝቡ በዚህ መካከል ተለውጦ ነበርን? አዎን፤ የሚያነበውን በእጁ እየገለበጠ በስውር ያስተላልፍ ጀመር። ያነበበውንም ማንም ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም። የባሮክ ክርታስ ሁለተኛ እንደ ተጻፈ፥ የግሮስማንም መጽሐፍ ደራሲው በ1964 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ወዳጆቹ ከሸሸጉት ግልባጭ በ1980 ዓ.ም. በውጭ አገር፥ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ አገሩ ታተመ።

በሚካኤል ጎርባቾቭ ዘመን በሩ ተከፈተ። «የጉላግ ደሴቶች» በ1989 ዓ.ም. በዚያው በኖቪ ሚር መጽሔት ወጣ። ይልቁንም በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጋዜጣና የኅትመት ሕግ ሳንሱርን ሻረ። ከዚህ ቀደም ከነበረው ሁሉ ይህ የተለየ ነበረ፤ እውነት በገዢ ችሮታ ሳይሆን በሕግ እንዲነገር የተደነገገበት ጊዜ ነውና። መንግሥቱ በ1991 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ሶልዥኒትሲንም በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ካቴድራሉም እንደ ገና ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ተቀደሰ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ስለ ግዞት ሰፈሮቹ ታላቅ የፍርድ ሸንጎ አልቆመም፤ እኔ በድያለሁ ብሎ በአደባባይ የቀረበም ሹም ብዙ አልታየ። ሶልዥኒትሲን በ2007 ዓ.ም. የመንግሥትን ሽልማት ከፕሬዝዳንት ፑቲን ተቀበለ፤ በ2008 ዓ.ም. ሲሞት በክብር ተቀበረ፤ በሚቀጥለው ዓመት «የጉላግ ደሴቶች» በትምህርት ቤት እንዲነበብ ተወሰነ። ከዚህ ጋር ግን የሟቾቹን ስም ከ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ሲሰበስብ የኖረው «ሜሞርያል» የተባለው ማኅበር በዲሴምበር 2021 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ። ደራሲው ከበረ፤ የሙታኑን ስም የሚቈጥረው ማኅበር ግን ዝም ተሰኘ። የሞተን ጸሐፊ ማክበር ለገዢ ቀላል ነው፤ አይመልስበትምና።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሶልዥኒትሲን በተሰደደበት በ1974 ዓ.ም. በአገራችን ሥልጣን የያዘው ደርግ ያንኑ የሶቪየት መንገድ ተከተለ። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1976 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1979 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸው ከደርግ መውደቅ በኋላ ተገኝቶ በክብር ዐረፈ። በ1983 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታትሞ ሲወጣ ወዲያው ተከለከለ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በሚቀጥለው ዓመት ወጥቶ ቀረ። ዛሬ ስለ ደርግ መናገር ለማንም አይከብድም። የሚከብደው እያንዳንዳችን በዚያ ዘመን ስለ ተናገርነውና ዝም ስላልነው መናገር ነው።

እንግዲህ ከዚህች መጽሐፍ የምንማረው ይህ ይመስለናል። መንግሥት ተለወጠ የሚባለው ገዢው እውነት እንዲነገር በፈቀደ ጊዜ አይደለም፤ የፈቀደ ሊከለክል ይችላልና። ሕግ ከፈቃድ ይሻላል፤ ነገር ግን በዳዩ በደሉን በገዛ አፉ ካልተናዘዘ፥ ሕጉም ሥር በሌለው መሬት ላይ እንደ ተተከለ ዛፍ ነው። የሹኾቭ ታሪክ ከፈቀዱላትም ከከለከሏትም በላይ ዕድሜ አግኝታለች። ያልተማረ ሰው ሲነበብለት የሚያስተውላት፥ የተማረም ሰው አንብቦ የማይጠግባት ናት። ካህኑም የከተማውም ሰው በአንድ ምሽት ሊፈጽማት ይችላል። አንባቢው ከፈጸማት በኋላ በነጋታው ማዕዱ ላይ ሲቀርብ፥ ያንን ጀርባውን አቅንቶ ዳቦውን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያኖረውን ስም የሌለው ሽማግሌ ያስታውሰው ይሆናል።